በዝገት ላይ የተቀባ ቀለም

«ካረጁ አይበጁ» የሚል ተረት በአገራችን አለ። ሰዎች ይህን ተረት አንድ ጊዜ ስለ ሽማግሌ፥ አንድ ጊዜ ስለ በሬ፥ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ስለ አውቶሞቢል ይጠቅሱታል። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ከዚህ ተረት ጋር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራዬ ቀላል ነበር፤ ያረጀ ነገር ሊበጅ መቻሉን ሠርቶ በማሳየት መርታት ይቻላልና። ነገር ግን ከዚህ የባሰ ባላጋራ አለብኝ። እርሱም «አሮጌ ነገር እወዳለሁ» እያለ፥ አጥንቱ የበሰበሰውን አውቶሞቢል ቀለም ቀብቶ «ታደሰ» የሚለው ሰው ነው። ይህን ሰው በሚገባ አውቀዋለሁ፤ ያ ሰው አንድ ጊዜ እኔው ራሴ ነበርሁና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በ1958 ዓ.ም. የገዛው፥ ሲሞትም ለእኔ የተወልኝ አንድ ፔጆ 404 ስቴሽን ዋገን አለኝ። 404 የተባለው አውቶሞቢል በፈረንሳይ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 ሲሆን፥ መልኩን የነደፈው ፒኒንፋሪና የተባለው የጣሊያን ቤት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ስቴሽን ዋገኑ ተከተለ። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት በተራው 404 2 ሜትር ከ65 ሳንቲም ሲሆን፥ በስቴሽን ዋገኑ 2 ሜትር ከ84 ሳንቲም ስለ ሆነ፥ ለቤተሰብ በተሠራው ዓይነት ሦስት ረድፍ ወንበር ገባበት። 1618 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነው ሞተሩ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ኮፈኑ ዝቅ እንዲል 45 ዲግሪ ጋደም ብሎ ተቀምጧል። ይህ አውቶሞቢል በምሥራቅ አፍሪካ ጭቃና አቧራ ላይ በሚደረገው የሳፋሪ ውድድር በ1963፥ በ1966፥ በ1967 እና በ1968 አሸናፊ ሆኗል። በእኛ ቤት ግን የሚታወሰው በዚህ አይደለም። ከገጠር ጤፍ ያመጣ፥ ለፋሲካ በግ የጫነ፥ እናቴን ምጥ ሲይዛት ሐኪም ቤት ያደረሰ፥ አባቴም ሲሞት ለቀስተኛ ያመላለሰ እርሱ ነው።

ከአባቴ ሞት በኋላ መኪናው በግቢያችን ውስጥ ከዛፍ ሥር ብዙ ዓመት ቆመ። ዶሮዎች በኋላ ወንበሩ ላይ እንቁላል ጣሉበት፤ ዝናቡም በበሮቹ ላስቲክ በኩል እየገባ ከምንጣፉ ሥር ተኛ። የእህቴ ልጅ ልትዳር ሦስት ሳምንት ሲቀራት «ሙሽራዋን በአያትዋ መኪና እናወጣታለን» ብዬ ተነሣሁ። አሳቡ መልካም ነበር። አሠራሬ ግን መልካም አልነበረም። መኪናውን ወደ አንድ ጋራዥ አስጎትቼ፥ «ላዩን አሳምሩልኝ፤ የታቹን ከሠርጉ በኋላ እናየዋለን» አልሁ። እነርሱም የተባሉትን አደረጉ። በዝገቱ ላይ ስቱኮ ለጠፉ፤ በስቱኮው ላይ ነጭ ቀለም ረጩ፤ ፓራውልቱን አስወለወሉ፤ ወንበሮቹን አዲስ ልብስ አለበሱ። ከታች በኩል ደግሞ፥ የቀረ ነገር እንዳይታይ፥ ሁሉን በጥቁር ሬንጅ ሸፈኑት። ሞተሩ ተነሣ፤ ፍሬኑ ያዘ፤ እኔም ከዚህ ሌላ አልጠየቅሁም።

በሠርጉ ቀን ሰው ሁሉ አደነቀ። «እንዴት ያለ ንጹሕ መኪና ነው! ካረጁ አይበጁ ያለው ማነው!» ተባለ። እኔም ባልደከምሁበት ድካም፥ ባልሠራሁት ሥራ ተመሰገንሁ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

ከሠርጉ በኋላ በአንድ እሑድ የዘመድ ልጆች ስድስት ሆነው ተሰብስበው «ወደ እንጦጦ ውሰደን» አሉኝ። ወሰድኋቸው። እንጦጦ ማርያም ተሳልመን፥ ከተማውን ከላይ አይተን፥ ቁልቁል ስንመለስ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጠመዝማዛ ላይ የፍሬኑ መርገጫ ከእግሬ በታች ሰመጠ። እንደገና ብረግጠው ወለሉን ነካ። ከፊታችን እንጨት የተሸከሙ ሴቶች አጎንብሰው ይወርዱ ነበር። ማርሹን ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፥ ከሁለተኛም ወደ አንደኛ በግድ መለስሁት፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብሁ፤ ከዚያም የመኪናውን ጎን ሆን ብዬ ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግንብ ጋር አሻሸሁት። መኪናው እየጮኸ፥ አዲሱ ቀለሙ እየተላጠ ቆመ። ከአንድ ልጅ ከንፈር መሰንጠቅ በቀር እግዚአብሔር አወጣን። ሴቶቹም ዘወር ብለው አይተው አማተቡና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ያን ጊዜ ከንፈሩ የደማው ልጅ፥ «ጋሼ፥ መኪናው አዲስ አይደለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልሰጠሁትም።

በማግሥቱ አንድ በዕድሜ የገፉ ባትላሜራ ለመንሁ። እኚህ ሰው በልጅነታቸው ከጣሊያን ባለ ጋራዥ ዘንድ ሥራ የተማሩ፥ ጆሮአቸው ትንሽ የደከመ፥ እጃቸው ግን ያልደከመ ሽማግሌ ናቸው። ካርቶን አንጥፈው ከመኪናው ሥር ገቡ። ጥቁሩን ሬንጅ በጠፍጣፋ ካቻቪት ፋቅ ቢያደርጉት፥ የፍሬን ዘይት የሚሄድበት የብረት ቱቦ እንደ ደረቀ ቅጠል ተፈረፈረ። በዚያ ዘመን በተሠራው በእኔ መኪና የአራቱም ጎማ ፍሬን የሚሠራው በአንድ የዘይት መሥመር ነው፤ አንዱ ቱቦ ሲቀደድ አራቱም ይጠፋሉ ማለት ነው። ከዚያ ተነሥተው ከበሮቹ በታች ያለውን ክፍል በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያደርጉ ጀመር። ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮኻል፤ የእኔ መኪና ግን እንደ እርጥብ ካርቶን ድፍን ድምፅ ሰጠ። በአራተኛው ምት መዶሻው ወደ ውስጥ ገባ።

«ጋሼ፥ ዝገቱ ይህን ያህል መክፋቱን አላወቅሁም» አልኋቸው።

«ልጄ» አሉኝ፤ «ሊገድልህ የነበረው ዝገቱ አይደለም፤ ቀለሙ ነው። ዝገቱማ ቢታይህ ኖሮ ትጠነቀቅ ነበር።»

አንባቢ ሆይ፥ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይህ የሽማግሌው ቃል ነው። እኔ የምጨምረው ማስረጃውን ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ዝገት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ብረት ከውሃና ከአየር ጋር ሲገናኝ መልኩን ለውጦ ቀይ ዱቄት ይሆናል። ይህ ዱቄት ከነበረው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ የተቀባበትን ቀለም ከሥሩ ያነሣዋል፤ ቀለሙም ጉብ ጉብ ይልና ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም እንደገና ውሃ ይገባል። ስቱኮ ደግሞ በራሱ ውሃ ይጠጣል፤ በዝገት ላይ ሲለጠፍ እንደ እርጥብ ጨርቅ ሆኖ ብረቱን ሲያበሰብስ ይኖራል። ስለዚህ በዝገት ላይ ቀለም የቀባ ሰው ዝገቱን አላቆመውም፤ ምግብና መጠለያ ሰጠው እንጂ።

ሁለተኛም ይህ መኪና እንዴት እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የጭነት መኪና ሸክሙን የሚችልበት ወፍራም ሻንሲ አለው፤ አካሉ ቢበላሽ ሻንሲው ይይዘዋል። 404 ግን የተለየ ሻንሲ የለውም። የታጠፈውና የተበየደው ላሜራ ራሱ አጥንት ነው። ከበሮቹ በታች ያለው ሣጥን መሰል ክፍል ለጌጥ የተቀመጠ ሳይሆን ፊቱን ከኋላው ጋር አያይዞ የሚይዘው ነው። እርሱ ከበሰበሰ መኪናው ቆሞ ሳለ ወገቡ ተሰብሯል ማለት ነው። በዚህ ላይ ነጭ ቀለም ቀብቶ ልጆችን መጫን ምን ይባላል? እኔ «ማሳመር» ብዬው ነበር። ትክክለኛ ስሙ ውሸት ነው፤ በቃል ያልተነገረ፥ በእጅ የተሠራ ውሸት።

ከሽማግሌው ጋር ሥራውን እንደገና ከሥሩ ጀመርን። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜን ለዚህ ሰጠሁ። በመጀመሪያው ዓመት ከውጭ የሚታይ አንድም ነገር አልሠራንም። ስቱኮውን ሁሉ ፈቅፍቀን አወረድን። የበሰበሰውን ላሜራ፥ ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ድረስ ቆረጥን። እኔ ቶሎ ለመጨረስ አነስ አድርጌ ስቆርጥ ሽማግሌው መቁረጫውን ከእጄ ይወስዱና ሌላ ሁለት ጣት ያህል ይጨምሩ ነበር፤ «በበሽተኛ ላይ ጤነኛ አይሰፋም» ይሉኛል። አዲሱን ላሜራ አጥፈን በየድን፤ ዝገት የሚከላከል መነሻ ቀለም በውስጥም በውጭም ቀባን፤ የዝናብ ውሃ እንዲወጣ ፋብሪካው ትቷቸው የነበሩትን፥ በሬንጅ የተደፈኑትን ትናንሽ ቀዳዳዎች ከፈትን።

ከዚያ ወደ ማሻሻሉ ሄድን። እዚህ ላይ የአሮጌ መኪና ወዳጆች በሁለት ወገን ተከፍለው ይጣላሉ። አንደኛው ወገን «ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይሁን፤ አንዲት ቡሎን እንዳትለወጥ» ይላል። ይህ ሰው ቅርስ የሚጠብቅ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያንን መኪና የሠሩት ሰዎች ራሳቸው እንዳሻሻሉት ይዘነጋል። የመጀመሪያዎቹ 404ዎች በአራቱም ጎማ ታምቡሮ ፍሬን ነበራቸው፤ የኋለኞቹ ግን ከፊት የዲስክ ፍሬን ይዘው ወጡ። ሠሪው ያረመውን ስሕተት እኛ በፍቅር ስም የምንጠብቀው ለምንድን ነው?

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ማሻሻል ማለት ማጋነን ይመስለዋል። ትልቅ ሞተር ያስገባል፤ ሰፋፊ ቸርኬ ያስራል፤ ከኋላ ወንበሩ ሥር የልቅሶ ቤት የሚያናውጥ የድምፅ ማጉያ ይተክላል። መኪናውን ለማስቆም ግን የአያቱን ፍሬን ያምናል። ለመሮጥ የሚያስበውን ያህል ለመቆም የማያስብ ሰው ምን ዓይነት ብልኅ ነው?

እኔ በሁለቱ መካከል አንድ ሕግ አበጀሁ፤ ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ሕይወትን የሚጠብቀውን ሁሉ ያለ ኀፍረት አሻሽል፤ የመኪናውን ጠባይ የሚገልጸውን ሁሉ ተወው፤ በኋላ ሊመለስ የማይችል ነገር አታድርግ። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ቱቦ ቢቀደድ ሌላው እንዲይዝ የፍሬኑን መሥመር ለሁለት ከፈልነው፤ ቱቦዎቹንም መዳብና ኒኬል ከተቀላቀለበት፥ ከማይዝገው ዓይነት አደረግን። ከተጣለ ሌላ 404 የፊት ዲስኮቹን ፈትተን አስገባን፤ የጎደለውንም በመርካቶ ሶማሌ ተራ ስንዞር ውለን አገኘን። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት እየሳበ ሲከርም በቁልቁለት ሙቀት ስለሚፈላ፥ በየሁለት ዓመቱ እንዲለወጥ በደብተር ጻፍሁ። ኒልስ ቦሊን የተባለው ስዊድናዊ መሐንዲስ በ1959 ለቮልቮ የሠራውንና ቮልቮም ሌሎች ፋብሪካዎች እንዲጠቀሙበት የፈቀደውን ባለ ሦስት ማሰሪያ ቀበቶ፥ ማሰሪያው በሚገባበት ቦታ ወፍራም ብረት በይደን አስገባን። በዝቅተኛ ዙር መብራቱን የሚያደክመውን የድሮውን ዲናሞ በአዲስ ዓይነት ለወጥን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ለቆላ የተበጀ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛና ጥቁር ጭስ ያጨሳል። ስለዚህ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ በጠባቡ ለወጥነው። ጋደም ያለውን ሞተሩን፥ ከመሪው ሥር ያለውን የማርሽ ዘንግ፥ ውሃው ሲሞቅ ብቻ በማግኔት ተይዞ የሚዞረውን የራዲያተር ማራገቢያ ግን አልነካንም፤ የመኪናው ጠባይ እነርሱ ናቸውና።

ከዘረዘርኋቸው ከእነዚህ ማሻሻያዎች ውስጥ በሠርግ ላይ የሚደነቅ አንዱ እንኳ የለም። እውነተኛ ማሻሻል ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰው አያየውም።

አሁን ተከራካሪዎቼ ይናገሩ። አንዱ «ይህን ሁሉ ጊዜና ገንዘብ ለአሮጌ ብረት ከምታፈስስ ለድሃ ብትሰጥ አይሻልም?» ይላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ልጁ ተርቦ ሳለ መኪና የሚያበጅ ሰው ኀጢአተኛ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን እኔ ቅዳሜዬን ቀድሞ የማሳልፈው ድሃ በመርዳት ሳይሆን በመጠጥ ቤት ነበር፤ የወጣውም ገንዘብ በአመዛኙ የገባው ሠርተው በሚያድሩ በብየዳ ሠራተኛና በሽማግሌው እጅ ነው። ለዚያ ላዩን ላማሰመርሁበት ቀለም የከፈልሁት ግን ለማንም አልጠቀመም።

ሌላው «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፤ መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል፤ አንተ ወዴት ነህ?» ይላል። ለዕለት ጉዳይ የሚመላለስ ሰው አዲሱን ቢይዝ እኔም ደስ ይለኛል፤ የእኔ መኪና የምትወጣው በበዓልና በዘመድ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ይህን ልብ በል፤ የኤሌክትሪኩም መኪና ላሜራ አለው፥ ፍሬን አለው፥ አንድ ቀንም ያረጃል። ዝገትን በቀለም የመሸፈን ልማድ ካልተተወ፥ ከሞተሩ ጋር ተለውጦ አይሄድም፤ ወደ አዲሱም መኪና ይሻገራል።

ሦስተኛው ዝቅ ባለ ድምፅ ይናገራል። «አንተ የተማርህ ሰው ሆነህ ከመኪና ሥር መተኛትህ፥ እጅህ ግራሶ መምሰሉ አያሳፍርህም?» ይለኛል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ከአደባባይ ጠፋ፤ በልብ ውስጥ ግን አለ። እነሆ ያ ሽማግሌ፥ ስድስት ልጆች ያሳፈርሁበትን መኪና ስሕተት በመዶሻ ድምፅ ብቻ የለዩት ሰው፥ ከወንዶች ልጆቻቸው አንዱ እንኳ ሥራቸውን አልተማረም። «ምን ያድርጉ ልጄ፤ ጎረቤት ይንቃቸዋል» አሉኝ። እኔም በልቤ እንዲህ አልሁ፤ እኔ ብዙ ዓመት ተምሬ መኪናዬ ያማረ መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን የማያምር መሆኑን ሰሙት። ከሁለታችን የተማረው ማነው?

እንግዲህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ነገሩ የመኪና ብቻ አለመሆኑን አንተው ታውቀዋለህ። ቀለም መቀባት በእያንዳንዳችን ቤት አለ። ትምህርቱን ሳያጠና ለፈተና ቀን መልስ ብቻ የሚሸመድድ ተማሪ በዝገት ላይ ቀለም ቀባ። ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ሳለ በበዓል ቀን ጉንጭ ለጉንጭ የሚሳሳም ሰው በዝገት ላይ ቀለም ቀባ። አባቶቻችን «ውስጡን ለቄስ» ይላሉ፤ ላዩ ለሁሉ ይታያል፥ ውስጡን የሚያውቀው የንስሓ አባት ብቻ ነው ለማለት ነው። መኪና ግን የንስሓ አባት የለውም። የሸሸግኸውን ቁልቁለት ላይ ያወጣዋል፤ ያን ጊዜም ዕዳውን የምትከፍለው አንተ ብቻ ሳትሆን፥ አንተን አምነው ከኋላህ የተቀመጡት ናቸው።

ስለዚህ የአባትህ ወይም የአጎትህ አሮጌ መኪና ከዛፍ ሥር ቆሞ ብታይ «ካረጁ አይበጁ» ብለህ አትለፈው፤ ይበጃል። ነገር ግን ወደ ቀለም ሻጭ አትሂድ። በመጀመሪያ ምንጣፉን ግለጥ፤ ካርቶን አንጥፈህ ከሥሩ ግባ፤ በመዶሻም መታ መታ አድርገህ ድምፁን ስማ። የምትሰማው ነገር ደስ አያሰኝህም። እንዲያም ሆኖ ከዚያ ጀምር። ከአንተ የበለጠ የሚያውቅ ባለ እጅ ፈልገህ «ጋሼ፥ አስተምሩኝ» በለው፤ ደመወዙንም አትከራከረው።

የእኔ ስቴሽን ዋገን ዛሬ ይሄዳል፤ ቁልቁለትም ይወርዳል፤ ሲረግጡት ይቆማል። ከግንቡ ጋር የተሻሸው ጎኑ ግን እስከ አሁን ግራጫ መነሻ ቀለሙን እንደ ለበሰ ነው፤ ለመጨረሻው ነጭ ቀለም ገና ተራ አልደረሰም። ዘመዶቼ «መቼ ነው የምታስቀባው? እንዲህ ሆኖ በሠርግ ላይ ያሳፍራል» ይሉኛል። ባለፈው ዓመት ያ ከንፈሩ የደማው ልጅ፥ አሁን ጎረምሳ ሆኗል፥ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ቀበቶውን አሰረና «ጋሼ፥ ከታችስ አዲስ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚህ ጊዜ መልስ ነበረኝ። ወደ ጋራዡ ወስጄ፥ ካርቶን አንጥፌ፥ መዶሻውን ሰጠሁትና «ገብተህ ራስህ ስማው» አልሁት።